ሊቀ ዘይትና የልብስ ሰፊው ካምቢዮ

ሦስት መኪና ጎን ለጎን በሚያድርበት ግቢ ሁሉ አንድ ሊቀ ዘይት አይጠፋም። ውኃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዘበኛውም አንዳንዴ ይጠፋል፤ ሊቀ ዘይት ግን ጠፍቶ አያውቅም። ማንም አልመረጠው፣ ማንም አልሾመው። ደመወዝ የለውም፤ የሥራ ሰዓቱ ደግሞ አንተ የምትቸኩልበት ሰዓት ነው። የመኪናህን ቁልፍ ከኪስህ ስታወጣ ከየት መጣ ሳትለው አጠገብህ ቆሞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሞተርህን ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ ያልጠየቅኸውን ይመልስልሃል።

ይህ ታሪክ የሚመለከታቸው ሊቀ ዘይት ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ ሲያነቡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚነበብ ብልቃጥ ቢያጡ ጊዜ ወደ ዘይት ዞሩ። የሞተር ዘይት አይደለም፤ «እሱንማ ማን የማያውቀው አለ?» ይላሉ በንቀት። የእሳቸው ልዩ ሙያ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ያ ሰው ሁሉ የሚረሳው፣ ከማርሾቹ ጋር ጨለማ ውስጥ ተዘግቶበት የሚኖር ምስኪን ዘይት። «ዘይት እንደ መድኃኒት ነው፤ የጎረቤትን አይጠጡም!» የምትል አባባል አለቻቸው። ይህችን ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን ካለ ጉሮሯቸውን ያመማቸው ቀን ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤት አንድ ቀን ጠዋት «እንዴት አደሩ?» አላቸው። ሰላምታ መስጠቱ ነበር። እሳቸው ግን ብርድ ሲሆን ወፍራም ዘይት ካምቢዮ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ጀመሩለት፤ ሲጨርሱለት ምድጃው ውስጥ የነበረው ዳቦ ከሰል ሆኗል። መለዋወጫ ሻጩ ደግሞ ከሩቅ ሲያያቸው «ለምሳ ወጥተናል» የሚለውን ሰሌዳ ይሰቅላል፤ ሱቁን ገና ጠዋት መክፈቱ ቢሆንም ግድ የለውም። እሳቸውም በር ላይ ቆመው ከምሳ እስኪመለስ በትዕግሥት ይጠብቁታል፤ እሱ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ። የኩላሊት ጠጠር ሆስፒታል ያስተኛቸው ጊዜማ፣ ከራስጌያቸው የተሰቀለውን ግሉኮስ ሽቅብ እያዩ «ይሄ ቀጥኗል» አሉ ይባላል። ነርሷ ደንግጣ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ መጥቶ አልጋቸው አጠገብ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ የመኪናውን የካምቢዮ ዘይት ሊያስቀይር ወስኖ ነበር።

ይህን ሁሉ የግቢው ሰው እየሳቀ ያወራዋል። ልብስ ሰፊው ግን አይስቅም።

ልብስ ሰፊው ከእሳቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤት ነው፤ ይቀናባቸዋል። ነገሩን ማስጌጥ አያስፈልግም፤ ቅናት ነው። ስለ ብል በሙያው የሚያውቀው አለ፤ ብል ልብስን የሚበላው ከታጠፈበት በኩል ነው፣ ገልጠው ካላዩት አይታይም። የእሱም ቅናት እንደዚያው ከውስጥ በኩል ሲበላው ከርሟል።

መነሻዋ ሁለተኛ ማርሽ ነበረች። ልብስ ሰፊው ያለ መኪና ቀኑ የማይገፋለት ሰው ነው፤ ጨርቅ ያመጣባታል፣ የተሰፋ ሙሉ ልብስ ለየደንበኛው ያደርስባታል፣ ሚስቱን ሥራ ቦታዋ፣ ልጁን ኮሌጅ ይሸኝባታል። መኪናዋ ክፉ አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ግን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ካምቢዮዋ ግርርር ብላ ታማርራለች፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል። እናቶች ልጆቻቸውን «ተነሱ፣ የልብስ ሰፊው ሁለተኛ ማርሽ ገብታለች!» እያሉ ይቀሰቅሱባታል። እሱን ተከትለው ደግሞ ሊቀ ዘይት፣ ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበረ የግቢው ሰው የማይስማማባትን አሮጌ መኪናቸውን ያስነሱና፣ ማርሹን በሁለት ጣት ብቻ፣ ሻይ እንደሚያማስል ሰው ቀስ አድርገው ይቀይራሉ። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። እሱም ለብቻው ሲሆን በሁለት ጣት ሞክሮታል። ጣቱን አመመውና መርፌ መያዝ አቅቶት ሰነበተ።

«መኪናቸው እኮ እንደ ድመት ነው የምትሄደው» ትለዋለች ሚስቱ። «ለምን አትጠይቃቸውም?»

«እሳቸው ስለ ልብስ ይጠይቁኛል?»

«ኮታቸውን ማን ሰፋው ታዲያ?»

«እኔ። ስለካቸው ስለ ዘይት እያወሩ ናላዬን አዞሩትና ግራ እጅጌው አጠረ።»

ሚስቱ ትስቃለች። መሳቋ አይደለም አንጀቱን የሚያሳርረው፤ ሊቀ ዘይት አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያወሯትም እንዲሁ መሳቋ ነው።

ይህም ሁሉ ሊቻል ይችል ነበር። ያልተቻለው የልጁ ነገር ነው። አንድያ ልጁ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ እየተለማመደች ነበር። የጫማ ክር ማሰር ያስተማራት እሱ፣ ብስክሌት ያስተማራት እሱ፣ መሪም ያስያዛት እሱ ነው። አሁን አድጋ የምትጠይቀው ነገር እያነሰ በሄደበት ሰዓት፣ ጠዋት ጠዋት ከጎኗ ተቀምጦ «ፍሪሲዮን ርገጪ፣ አሁን ልቀቂ» ማለት የቀረችው ሹመት ነበረች። ግን ሁለተኛ ማርሽ ጋ ሲደርሱ ካምቢዮዋ ትጮሃለች፣ ልጅቱ ትደነግጣለች፣ እግሯ ይስታል፣ ሞተር ይጠፋል። የፈተናው ቀን ደግሞ ደርሷል፤ ሰኞ ነው። ተፈታኝ የራሱን መኪና ይዞ መቅረብ ይችላል።

ሐሙስ ዕለት እራት ላይ ልጅቱ ድምፅዋን አለሳለሰች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትቆጣም?»

«ለምን እቆጣለሁ? ንገሪኝ።»

«ጎረቤታችን ጋሼ በእኔ መኪና ተፈተኚ ብለውኛል።»

ማንኪያው አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለ።

«ወርቅ አይደለም እኮ አባዬ፣ መኪና ነው። ደግሞም ሁለተኛ ማርሹ ይገባል።»

«የምትፈተኚው በአባትሽ መኪና ነው። እስከ ሰኞ እንደ ቅቤ ትገባለች!»

«ማን ሊሠራት?»

«እኔ!»

እናትና ልጅ ተያዩ። ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሊቀ ዘይት እንደ ልማዳቸው አጥሩ ጋ ቆመው ለሚስቱ ያስረዳሉ። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ ልብስ ሰፊው መስኮቱ ኋላ ዞር ብሎ ጆሮውን አቆመ።

«ካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፣ እመቤቴ» ይላሉ። እመቤቴ! «ማርሽና ማርሽ ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስማሙት እነሱ ናቸው፤ አስታራቂ በያቸው። አስታራቂ ሥራውን የሚሠራው ትንሽ ሲፋተግ ነው። ጠርሙሱ ላይ አምስት ተጽፎበት ባለ አምስት የሚሉት ዘይት የተሠራው ለኋላ ዲፈረንሻል ነው፤ ከመጠን በላይ ያንሸራትታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ነሐስ ይበላል። አስታራቂውን አንሸራትተሽ ጥለሽ ማን ያስታርቅልሻል? ባለ አራቱን ይግዛ፤ ቀጠን ያለውን፣ ጠዋት የማይከብደውን። ዘይት እንደ መድኃኒት ነው፤ የጎረቤትን አይጠጡም። ብቻ አደራ፣ መሙያው እንደሚከፈት ሳያረጋግጥ ማፍሰሻውን እንዳይነካ!»

የመጨረሻዋን ነገር ልብስ ሰፊው አልሰማትም። «እመቤቴ» ላይ መቻሉ አልቆ፣ «የጎረቤትን አይጠጡም» ላይ መስኮቱን ዘግቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

«የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ።»

«ባለ አራት ነው ባለ አምስት?»

ባለ አራት ቢል ሊቀ ዘይት አፉ ውስጥ ገብተው የተናገሩ መሰለው። «የትኛው ነው የሚበልጠው?» ሲል ጠየቀ።

«በዋጋ ከሆነ አምስቱ ይወደዳል። ግን ለዲፈረንሻል ነው የምትፈልገው?»

«ለካምቢዮ ነው አልኩህ እኮ! አምስቱን ስጠኝ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለ ሻጩ፤ ሥራው መሸጥ ነው። ልብስ ሰፊው ጠርሙሶቹን ታቅፎ ወጣ። አምስት ከአራት እንደሚበልጥ ለማወቅ የመድኃኒት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጠንካራ ድጋፍ ከሥሯ ከተተ፣ አሮጌ ካርቶን አነጠፈና ገባ። የማፍሰሻውን ብሎን ፈታው። አሮጌው ዘይት ጠቁሮና ወፍሮ ሳህኑ ላይ ሲወርድ እያየ ደስ አለው፤ ሰውየው በሁለት ጣታቸው የሚመጻደቁበት ምሥጢር ይኸው ነው? ቀላል ነገር! ማፍሰሻውን መልሶ አጠበቀና አዲሱን ዘይት ሊሞላ ወደ ላይኛው ብሎን ዞረ። ቁልፉን አስገብቶ ጎተተ። ብሎኑ ፍንክች አላለም። በሁለት እጁ ጎተተ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ በእግሩ ረገጠው። ያኔ ቁልፉ ዞረ፤ ደስታው ግን ካፉ ሳይወጣ ቀረ። የዞረው ቁልፉ እንጂ ብሎኑ አልነበረም፤ ጠርዙ ተላጦ ድቡልቡል ሆኗል።

በጀርባው ተኝቶ ነገሩን አሰበው። ካምቢዮው ባዶ ነው። ያለ ዘይት ወደ ጋራዥ ቢነዳት ማርሾቹ ይበላላሉ። ነገ እሁድ ነው፤ ጋራዥ ሁሉ ዝግ። ከነገ ወዲያ ፈተና ነው። ለደንበኞቹ ሁሉ «አስር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚል ሰው፣ መክፈት መቻሉን ሳያይ አፍስሶ ቁጭ አለ። አሁን ልጁ የማንን መኪና ይዛ እንደምትሄድ ታወቀው። ሊቀ ዘይት በፈተናው ሜዳ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲንጎራደዱ፣ ልጅቱ አልፋ ስትወጣ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ስትሮጥ ታየው። ዓይኑን እንባ ሞላው፤ ዘይት ገባበት ብሎ ጠረገው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከመኪናዋ ጎን ሁለት የተወለወሉ ጫማዎች መጥተው ቆሙ።

ልብስ ሰፊው ትምህርቱን ጠበቀ፤ ከነሐስ ቀለበት እስከ መድኃኒቱ። ጫማዎቹ ግን ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ሊቀ ዘይት፣ ኮታቸው አጭር እጅጌዋን ይዛ እንዳለች፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወደ ውስጥ አዩ።

«መሙያው እምቢ አለ?»

«እምቢ አለ፣ ጋሼ።»

«ጠጋ በል።»

ይኸው ነው የተናገሩት። ኮታቸውን አውልቀው፣ ይዘው የመጡትን የመሣሪያ ሣጥን ጠጋ አድርገው ጎኑ ተኙ። ዝገት ማላቀቂያ ረጩበት፣ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ አንኳኩት፣ እንደገና ረጩ፣ «አሁን መጠበቅ ነው» አሉ። ሁለቱም መኪና ሥር በጀርባቸው ተኝተው የካምቢዮውን ሆድ እያዩ ጠበቁ።

«ልጄ መኪና ገዛ» አሉ ሊቀ ዘይት ድንገት። ልጃቸው ሩቅ ከተማ ነው የሚኖረው።

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«ማርሽ የላትም። ራሷ ነች የምትቀይረው።» ብሎኑን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ድሮ በያቺ አሮጌ መኪናው ምክንያት ሁልጊዜ ይደውልልኝ ነበር። አባባ ይሄ ይስማማታል ወይ፣ አባባ ያ ይሻላት ይሆን ወይ ይለኛል። አሁን ምን ብሎ ይጠይቀኝ?»

ልብስ ሰፊው ዝገት ማላቀቂያውን አንስቶ ብሎኑ ላይ አንዴ ረጨ፤ ሊቀ ዘይት ቀጠሉ።

«ጠዋት ጠዋት ከልጅህ ጋር ስትጨቃጨቁ በግድግዳው ይሰማኛል። ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ልቀቂ ስትላት፣ ረገጥኩ እኮ ስትልህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁብህ። በመኪናዬ ተፈተኚ ያልኳትም ለማርሹ ብዬ አይደለም። እኔንም አንድ ቀን ትጨቃጨቀኝ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ስንት ጊዜ በቅናት ሲቃጠል የኖረው፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ በእሱው ቀንቶ ከሚቃጠል ሰው ጋር ነበር። ቀናተኛ ቀናተኛን ሲያገኝ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ነው፤ ትንሽ ያፍራል፣ ትንሽ ይስቃል።

«እሷ እኮ መጨቃጨቅ ታውቅበታለች» አለ በመጨረሻ። «ለሁለታችንም ትበቃለች።»

ሊቀ ዘይት ትንሽ ጠበብ ያለ ቁልፍ አምጥተው በተላጠው ብሎን ላይ በመዶሻ አለበሱት። ሁለቱ አንድ ላይ ያዙና ጎተቱ። ብሎኑ ቀጭ ብሎ ዞረ። ከዚያ ሽማግሌው ዘይቱን ሊያቀብሉ እጃቸውን ዘርግተው ጠርሙሱን አነሱ፤ አነበቡ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልሰማም። ዓይኑን ሲገልጥ ሊቀ ዘይት የሉም፤ ባለ አምስቶቹ ጠርሙሶች ጽሑፋቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ተደርድረዋል። እሳቸው ከቤታቸው ያልተከፈተ ባለ አራት ዘይትና ቱቦ የተገጠመለት ትልቅ ሲሪንጅ ይዘው ተመለሱ። በመሙያው አፍ ላይ እስኪፈስ ድረስ፣ ሕፃን መድኃኒት እንደሚያጠጣ ሰው ቀስ እያሉ ሞሉት። ብሎኑን የሚተካ አዲስ ከሣጥናቸው አወጡ።

ሊያጠብቁት ሲሉ ልጅቱ ከበር ገባች። ሁለቱን በዘይት ተለውሰው ስታይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። የሊቀ ዘይት የሕይወታቸው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልሱ ለወር የሚበቃ።

«አባትሽ ነው» አሉ። «እኔ መብራት ያዝኩለት።» ኮታቸውንም አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰኞ ልጅቱ በአባቷ መኪና ተፈትና አለፈች። ሁለተኛ ማርሽ ያለ ድምፅ ገባች፤ ፈታኙ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ስትመለስ አባቷ መኪናዋን ሲወለውል አገኘችው።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጋሼ ናቸው አይደል የሠሯት?»

«መብራት ያዙልኝ አሉሽ እኮ።»

«ስለ ካምቢዮ ዘይት ተጠይቀው በሁለት ቃል መለሱልኝ! ወይ ታመዋል፣ ወይ ይዋሻሉ ብዬ ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

አባት ሳቁ አመለጠው። ከዚያ የፈራውን ጠየቃት። «ካወቅሽ ታዲያ፣ ለምን በሳቸው መኪና አልሄድሽም?»

«በሳቸው መኪና ማን ይቆጣኛል?» አለችና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጣ ገባች።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ከቅናት ዳነ ቢባል ታሪኩ ያምር ነበር። ግን አልዳነም። በሳምንቱ፣ አንድ ደንበኛ ትከሻ ላይ መርፌ እየሰካ በመስኮት ሲያይ፣ ሊቀ ዘይት በዳቦ ጋጋሪው መኪና ሥር ግማሽ አካላቸው ገብቷል። ዳቦ ጋጋሪው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ይስቃል። አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል፤ ከሥር ረጅም መልስ ይወጣል፤ እንደገና ይስቃል። ልብስ ሰፊው መርፌውን አቁሞ አፈጠጠ። ይህ ዳቦ አሳራሪ የከሰል ነጋዴ መቼ ነው ስለ ካምቢዮ ማወቅ የጀመረው? ጋሼስ ሊሠሩለት ሲሄዱ ምናለ ግድግዳውን አንኳኩተው «ና እስቲ» ቢሉት?

ደንበኛውን ከነመርፌው አቁሞ፣ የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ወጣ። በዚያ ሁሉ የጉርብትና ዘመን አንድም ቀን ከአፉ ያልወጣውን ጥያቄ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ! ለዚህችስ የሚስማማት የትኛው ዘይት ነው?»

ሊቀ ዘይት እየተንፏቀቁ ከመኪናዋ ሥር ወጡ። ፊታቸው ጥቁር ነው፤ ጥርሳቸው ግን ሁሉም ይታያል። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው ጀመሩ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ዳቦ ጋጋሪውን በክርኑ ገፋ አደረገና ከፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ።